ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ቀጣይ ትምህርት፦ ከሦስት ቀን ሥልጠና የተሻለው መንገድ

ጥያቄ፦ «በአንዲት የወረዳ ከተማ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ነኝ። ቀሳውስትና ዲያቆናት ተደምረው ሃያ ያህል አገልጋዮች አሉን፤ ከግማሽ የሚበልጡት በከተማው ዳር ያርሳሉ። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አስመጥተን ለካህናቱም ለእኛ ለምእመናን ተወካዮችም የሦስት ቀን ሥልጠና አሰጠን። አዳራሹ፣ ምሳው፣ አበሉና የምስክር ወረቀቱ ብዙ ገንዘብ ወሰደ። አረጋውያኑ መምህራን ዝም ብለው ሰሙ፣ ወጣቶቹ ጻፉ፤ ስብከቱም የሒሳብ አያያዙም ግን እንደ ነበረ ነው። ዘንድሮም በጀት ይዘናል። በምን ላይ ብናውለው ይሻላል? አንድ ወጣት ቄስም ‹መንፈሳዊ ኮሌጅ ላኩኝ› እያለን ነው፤ ምን እንበለው?»

ምላሽ፦ ገንዘቡን በሌላ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ አያውሉት። ለአዳራሽና ለአበል ያሰባችሁትን ለመጻሕፍትና ለአንድ ቋሚ መምህር ድጎማ አድርጉት። ጉባኤውን በራሳችሁ ቅጽር ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዘርጉት፤ የሚማሩትም የሚመጣው እሑድ የሚጠይቃቸውን አገልግሎት ይሁን። ካህን የሚያድገው ዛሬ የተማረውን ነገ ሲያገለግልበት፣ የከበደውንም ተመልሶ ሲጠይቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ዝርዝር ነው።

ያለፈው ዓመት ሥልጠና ፍሬ ያጣው አሠልጣኙ ስለ ደከመ ወይም ካህናቱ ስለ ሰነፉ አይመስለኝም። ይህን ዓይነት ጉባኤ በብዙ ቦታ አይቻለሁ። ጥሩ የሚናገር ሰው ይመጣል፣ ብዙ ያስተምራል፣ ይሄዳል። ቄሱ ከወር በኋላ ከባድ ጥያቄ ይዛ የመጣች የንስሐ ልጅ ስታጋጥመው የሚያማክረው የለም፤ ማስታወሻውም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የአረጋውያኑ ዝምታ ነው። እነዚያ ሰዎች በአገራችን ካለው ሁሉ የጠነከረውን የትምህርት ሥርዓት ያለፉ ናቸው። ዜማ የተማረው እያንዳንዱን ምልክት በመምህሩ ፊት እያዜመ፣ እየታረመ፣ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር እየቀጸለ (እየደጋገመ እያጠና) ዓመታት አሳልፏል። ቅኔ ቤት የገባው የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ለሚያርመው አስነጋሪ ይነግራል፣ የሳተው እዚያው ይቃናል፤ የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና ቤት ሳይሞላለት ወደሚቀጥለው ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም። የድጓ (የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ) መምህር ለመሆን የፈለገ ጎንደር ጋይንት ወዳለው ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ ያስመሰክራል። በዚህ መንገድ የሠለጠነን አእምሮ ሦስት ቀን አስቀምጦ እንዲሁ ማውራት ጊዜውንም ክብሩንም መንካት ነው። ትልልቅ ሰዎችን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ የአብነት (ነባር የቤተ ክርስቲያን) ትምህርት ቤቶቻችን ያውቁታል፦ ጥቂት መስጠት፣ መልሶ ማስነገር፣ ማረም፣ በአገልግሎት ማዋል። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱ አገልጋይ የት ድረስ እንደ ተማረ ማወቅ ነው። ምእመናን «ካህን» ሲሉ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ያስባሉ። የአብነቱ ትምህርት ግን በየዘርፉ የሚሄድ ነው። ንባብና ቅዳሴ ተምሮ ክህነት የተቀበለ አለ፤ ድጓና አቋቋም የጨረሰ፣ ነገር ግን መጻሕፍት ቤት ገብቶ ትርጓሜ ያልሰማ አለ፤ ቅኔ አዋቂ ሆኖ አንድ ቀን ቆሞ ሰብኮ የማያውቅም አለ። ይህ ነውር አይደለም፤ ዘርፉ የሰጣቸው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ማን ምን እንደ ተማረ፣ ከየትኛው መምህር፣ የት ላይ እንዳቆመና ምን እንዳስቆመው በእርጋታ ይጠየቅ። አብዛኞቹ ያቆሙት ጠልተው አይደለም። አባት ሞቶባቸው፣ ርኃብ ገብቶ፣ ጦርነት መንገዱን ዘግቶ፣ ወይም ተክሊል ደርሶ ነው። ጠያቂው እርስዎ አይሁኑ፤ ደብሩን የሚያስተዳድሩት አባት ለየብቻ ያነጋግሯቸው። ምእመን ካህንን ስለ ትምህርቱ ሲጠይቅ ምርመራ ይመስላል፤ አለቃው ሲጠይቁ ግን አባትነት ነው።

ሁለተኛው ሥራ አገልግሎቱ ራሱ ምን እንደሚጠይቅ መዘርዘር ነው፤ እዚህ ላይ ነው የአብነቱም የኮሌጁም ትምህርት ያልሞላው ክፍተት የሚታየው። የንስሐ አባት የሚሰማውን አስቡት። ልጇን ወደ ዐረብ አገር የላከች እናት፣ ባሏ የሚደበድባት ሴት፣ እንቅልፍ አጥቶ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወጣት፣ ልጁን ያለ ዕድሜዋ ሊድር የተነሣ አባት። ቄሱ ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው ቃል ሕይወት ያድናል፣ አለዚያም ያጠፋል። ጸበል ቦታ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ሕሙማን «ጸበሉና መድኃኒቱ አይስማሙም» ተብለው መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። የፓትርያርኩ ቃል እያንዳንዱ አጥማቂና የንስሐ አባት ዘንድ እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ። የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ላይ ይኸው ነገር ዛሬም ይደርሳል። በየመንፈቁ አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያችሁ ሐኪም ወይም ነርስ ጋብዙና ካህናቱ ይጠይቁ። የትኛው ምልክት ሲታይ ሰውን ወደ ሐኪም እንደሚመሩ፣ ጸሎታቸውንና ምክራቸውን ሳያቋርጡ፣ ይወቁ። ከፍርድ ቤት ወይም ከሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አንድ ባለሙያ መጥቶ የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት መሆኑን፣ ያለ ዕድሜ መዳር በወንጀል እንደሚያስቀጣ ያስረዳ። ይህን የሚያውቅ ቄስ በሽምግልና ላይ ሲቀመጥ ሚዛኑ ይለወጣል።

አሁን ወደ ሳምንቱ ጉባኤ ልምጣ፤ ዋናው እርሱ ነው። ስለ ርእስ አትጨነቁ፣ ግጻዌ የተባለው የንባባት መጽሐፍ አለላችሁ። ለእያንዳንዱ እሑድ ከጳውሎስ፣ ከሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት የሚነበበውን፣ ምስባኩን (በዜማ የሚባለውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ)፣ ወንጌሉን፣ የሚቀደሰውን ቅዳሴ ሳይቀር ሠርቶ አስቀምጦላችኋል። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ተሰብሰቡ። አንዱ ወንጌሉን ያንብብ፤ ትርጓሜ የሚያውቀው አባት አንድምታውን (የአባቶችን የትርጓሜ ማብራሪያ) ያሰማ፤ ዜማ የሚያውቀው ምስባኩን ይበልና ከዕለቱ ወንጌል ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ያሳይ። ከዚያ እሑድ የሚሰብከው ሰው ለዐሥር ደቂቃ ሊሰብክ ያሰበውን እዚያው ይበል፤ ሌሎቹ ያቃኑት። በሚቀጥለው ሳምንት የጉባኤው መጀመሪያ ደግሞ ስለ ተሰበከው ይነጋገሩ፦ ምእመናን ምን ሰሙ? ልጆቹ ገባቸው? የተነሣ ጥያቄ ነበር? ለጉባኤው ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዐቢይ ጾም ሰንበታት ብትጀምሩ መልካም ነው። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ያሉት ስምንቱ እያንዳንዳቸው ስምና ወንጌል አላቸው፤ ሕዝቡም በብዛት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በስድስተኛው ሳምንት፣ በገብር ኄር፣ የመክሊቱን ምሳሌ ከሰበካ ጉባኤው አባላት ጋር አብራችሁ አጥኑት፤ የገንዘብ አደራ የያዘ ሰው ሁሉ ያን ወንጌል በጥልቀት ሊሰማው ይገባል።

የዓመቱን አቆጣጠር ሳያዩ ጊዜ አትቁረጡ። ከአዲስ አበባ የሚወጡ መርሐ ግብሮች የሚሰናከሉት በዚህ ነው። የሚያርስ ቄስ ከሰኔ ጀምሮ ከበሬው ጋር ነው፤ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌ ማኅሌት ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቆም እሑድ ከሰዓት በኋላ ማንንም አታስቀምጡ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በዐቢይ ጾም የአዘቦቱ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጥናቱን ወደ ጠዋት አዙሩት። ሰፋ ያለ ነገር ለማስተማር ሁለት ጥሩ ወቅቶች አሉ። አንደኛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ሲሆን እንደ ዓመቱ ከሦስት እስከ ሰባት ሳምንት ግድም ይሆናል። ሁለተኛው በዓለ ኀምሳ፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ኀምሳ ቀናት፣ ነው፦ ጾም የለም፣ ቅዳሴው ጠዋት ያልቃል፣ እርሻውም ገና አልጠነከረም። የሐኪሙንና የሕግ ባለሙያውን ጉባኤ፣ እንዲሁም ከሌላ ደብር የምትጋብዙትን መምህር እነዚህ ወቅቶች ላይ አድርጉ።

ማን ያስተምር ለሚለው፣ ከራሳችሁ ጀምሩ። ያ ዝም ያሉት መሪጌታ በግዕዝ ሰዋስው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከኮሌጅ የወጣው ሰባኪ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ታሪክንና የስብከት ዘዴን ይያዝ። አንዱ በሌላው ፊት ተማሪ ሆኖ ሲቀመጥ የቆየው መናናቅ ይረግባል። አብነት ተማሪውና ኮሌጅ ተማሪው እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን ቤተ ክርስቲያናችንን ብዙ ጎድቷታል፤ ይህን የምለው በሁለቱም ቤት ተምሬ፣ የሁለቱንም ሐሜት ሰምቼ ነው። «ምእመን ካህንን ሊያስተምር አይገባም» የሚል ካለ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18ን አንብቡለት። አጵሎስ በመጻሕፍት የበረታ ንግግር አዋቂ ነበር፤ አቂላና ጵርስቅላ ግን ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሥራቸውም ድንኳን መስፋት ነበር። በቅርብ ዘመንም በግብፅ ሐቢብ ጊርጊስ ቅስና ሳይቀበሉ የካይሮውን የካህናት ኮሌጅ መርተዋል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቶችንም እንቅስቃሴ አስነሥተዋል። በደብራችሁ ያሉትን የሒሳብ ባለሙያ፣ መምህርት፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ስም ጻፉ። ሴቶች ከማኅበረ ጽዋና ከጸሎት ባሻገር በትምህርቱ ላይ ድርሻ ያላቸው ደብር ጥቂት ነው፤ እናንተ ከጥቂቶቹ ሁኑ።

የእናንተ የምእመናን ተወካዮች ትምህርት ሌላ መልክ አለው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲወጣ ያመጣው ትልቅ ነገር ካህኑን፣ ምእመኑንና ወጣቱን በአንድ ጉባኤ ማስቀመጡ ነው። ብዙ ተመራጭ ግን ደንቡን አንድ ጊዜ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ የአገልግሎት ዘመኑን ይጨርሳል። ምርጫው በየሦስት ዓመቱ ስለሆነ ዘግይቶ የተማረ ሰው ሊሠራበት ሲል ይወርዳል። ስለዚህ የአዲስ ተመራጮች ትምህርት ከምርጫው በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ይጠናቀቅ። ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ካህናቱም ባሉበት አንብቡት። በአለቃና በሰበካ ጉባኤ መካከል ከማያቸው ጠቦች እጅግ ብዙዎቹ ሥልጣን ከመፈለግ ሳይሆን ሁለቱም ወገን ወሰኑን ካለማወቁ የሚነሡ ናቸው።

ሒሳቡን በቃል አታስተምሩ፣ በሥራው ላይ አስተምሩ። ሙዳየ ምጽዋት በሚቆጠርበት ቀን አዲሶቹ አባላት ይቀመጡ። ቁልፉ በሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች እጅ መሆኑን፣ ቆጠራው በሁሉም ፊርማ መያዙን፣ ገንዘቡ ሳያድር ባንክ መግባቱን በዓይናቸው ይዩ። ለስእለት የመጣ ጃንጥላና መጋረጃ፣ ለአስራት የተከፈለ ገንዘብ፣ ሁሉም ደረሰኝ እንዲቆረጥለት ያድርጉ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ አንድ ሰው የሆኑበት ደብር ካለ ያንኑ ዕለት ይለዩ፤ ታማኝ ሰው ቢሆንም ለእርሱ ስም መጠበቅ ሲባል። የሦስት ወር ሪፖርት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ መነበቡን ልማድ አድርጉት። ይህን የተማረ ጉባኤ ሐሜት ያንስበታል፣ አስራቱም ይጨምራል። ነገር ግን የሰበካ ጉባኤ አባል ሒሳብ ብቻ ተምሮ መቅረት የለበትም። ስለ ምሥጢራት፣ ስለ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ራሱ ንስሐና ቁርባን የሚማርበት ሰዓት ይኑረው። ንስሐ አባት የሌለው ሰው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲመራ ሳይ ያሳስበኛል።

ይህ ሁሉ ትንሽ መስሎ እንዳይታይዎ፤ አገልጋዩን ከአገልግሎቱ ሳይነቅሉ ማስተማር በሌሎችም ዘንድ የተፈተነ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በጓቲማላ የነበረ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ፣ የገጠር ምእመናንን በእውነት የሚመሩት ሰዎች ሚስትና ልጅ፣ እርሻና ንግድ ያላቸው ጎልማሶች መሆናቸውን አየ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሊመጡ አይችሉም። ስለዚህ መምህራኑ ወደ እነርሱ መሄድ ጀመሩ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ ያነብባል፣ በሳምንት አንድ ቀን ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ይገናኛል፣ የተማረውን በምእመናኑ መካከል ይሠራበታል። ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎች አህጉራት ተዛመተ፤ በአገራችን ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ተጠቅመውበታል። በእኛም ቤት የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ገዳም ለካህናትም ለወጣቶችም ያደረጉት ዛሬ ድረስ ፍሬው ይታያል፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ከዚያ ጉባኤ የወጡ ልጆች አሉበት። እርሳቸው ያስተማሩት ከጸሎትና ከሥርዓት ጋር ነው፤ ከአዳራሽ ትምህርት የሚለየውም ይህ ነው።

ስለ በጀቱ፣ ለመገኘት አበል መክፈልን አቁሙ። አበል የለመደ ጉባኤ አበሉ ሲቀር ይበተናል። ከሩቅ በእግሩ ለሚመጣ ቄስ ግን የመጓጓዣና የምሳ ወጪው ይሸፈን፤ ከድህነቱ ላይ አትጨምሩበት። ከዚያ በፊት መጻሕፍት ግዙ። የወንጌልና የጳውሎስ አንድምታ፣ ግጻዌ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ ቃለ ዓዋዲ፣ አንድ ጥሩ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፤ እነዚህን በሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ በውሰት መዝገብ አስቀምጡ። ጉባኤውን የሚይዘው መምህር በየወሩ ጥቂት ድጎማ ያግኝ፤ ደጅ ጠንቶ የሚያስተምር ሰው ለረጅም ጊዜ አይዘልቅም። በቴሌግራም የሚለቀቁ ትምህርቶችን ለክለሳ ተጠቀሙባቸው፤ የጉባኤያችሁን ድምፅ ቀድታችሁ ላልተገኙትም ላኩ። ነገር ግን ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የለቀቀውን ትምህርት መምህሩ ሳይሰማው ለካህናቱ አታስተላልፉ። ሀገረ ስብከቱ ስለ ዕቅዱ በጽሑፍ ይወቅ፤ ካህናቱን ከሌላ ደብር መምህር ጋር ለማገናኘት የእርሱ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል።

ትምህርቱ መሥራቱን የምታውቁት በምስክር ወረቀት አይደለም። ከዓመት በኋላ የዕለቱን ወንጌል ይዞ የሚሰብክ ስንት ሰው አለ? በመጀመሪያው ወር ዝም ያሉት አባት አሁን ይናገራሉ? ሕሙማንን ወደ ጤና ጣቢያ የላከ የንስሐ አባት አለ? ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ ተነበበ? እነዚህን በዓመቱ መጨረሻ ከአለቃው ጋር ተቀምጣችሁ ጠይቁ።

ወጣቱን ቄስ በተመለከተ፣ መጀመሪያ ለምን መማር እንደሚፈልግ በቀና መንፈስ ይጠይቁት። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለማንበብና ለማስተማር ተጠንቀቅ ብሎታል፤ የልጁ ጥማት መልካም ነው፣ አታጥፉበት። በአዲስ አበባ ያለው የቅድስት ሥላሴ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከንጉሡ ዘመን የተነሣ፣ በደርግ ተዘግቶ እንደገና የተከፈተ፣ ዛሬም ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚያወጣ ቤት ነው፤ ሰዋስወ ብርሃን ቅዱስ ጳውሎስም ሊቃውንት ያወጣል። ነገር ግን የተማረው ንባብና ቅዳሴ ብቻ ከሆነ እኔ ቢጠይቀኝ ቅኔ ቤት ወይም የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ዘንድ አስቀድሞ እንዲቆይ እመክረዋለሁ። ግዕዙና አንድምታው ሳይኖር የሚገኝ ዲግሪ ሥሩ አጭር ይሆናል፤ ኮሌጁም ውስጥ የሚደክመው በዚህ ነው። ሚስትና ልጆች ስላሉት በመደበኛው መርሐ ግብር ለዓመታት መለየቱ ቤቱን ሊያናጋ ይችላል፤ የማታ ወይም የርቀት ትምህርት መኖሩን ከኮሌጆቹ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዘንድሮ የሳምንቱን ጉባኤ ከመሪጌታው ጋር ያስተባብር፤ ዓመቱን ሙሉ ከጸና በሚቀጥለው ዓመት ላኩት።

ስትልኩት ውል ጻፉ። የተማረውን ያህል ዓመት ተመልሶ እንደሚያገለግል፣ በየዕረፍቱ እየመጣ ጉባኤውን እንደሚያስተምር በእርሱ በኩል ይፈርም። በእናንተ በኩል ደግሞ ሰሞኑን (የአገልግሎት ተራውን) የሚሸፍንለት ቄስ ስም፣ እርሱ በሌለበት ደመወዙ ሳይቋረጥ በየወሩ ለባለቤቱ የሚከፈልበት ቀንና የሚከፍለው ሰው በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።